ጋሽ ጃርሶና ባለ አንድ በሩ ስታዲየም

ጋሽ ጃርሶ ማረፋቸውን የሰማሁት ሻሸመኔ መናኸሪያ ውስጥ ነው። ከነገሌ ቦረና ዕቃ ተልኮልኝ ልቀበል ሄጄ ነበር። ሾፌሩ የድሮ የሰፈሬ ሰው ስለሆነ የከተማውን ወሬ ስጠይቀው፣ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ጆንያ እያወረደ፣ "ስፖርት አስተማሪው እኮ ሞቱ፤ አልሰማሽም እንዴ?" አለኝ።

"የትኛው?"

"ጃርሶ ናቸዋ። ኧረ ቆየ፤ ሦስት ወር አለፈው።"

ሦስት ወር! ባለፈው ሳምንት ለልጄ ስለ እሳቸው ሳወራላት "ጋሽ ጃርሶ እንዲህ ይላሉ" እያልኩ በሕይወት እንዳለ ሰው ነበር የማወራው። ያን ቀን የመጣሁበትን ዕቃ መቀበሉን ረስቼ ባዶ እጄን ቤቴ ገባሁ።

ነገሌ ውስጥ በእኔ ዘመን የተማረ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸውን ወደ ፊት ቀልሰው የሚራመዱ ሰው ነበሩ። የተወለዱት ሊበን ውስጥ ከአርብቶ አደር ቤተሰብ ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት ተምረው፣ አዲስ አበባ ለስልጠና ተልከው፣ በስፖርት አስተማሪነት ወደ አገራቸው ተመለሱ። አማርኛቸው የኦሮምኛ ዜማ አለው። ሲቸኩሉ ደግሞ ሁለቱን ቋንቋ ያከታትሉታል፦ "ኢጆሌ፣ ልጆች፣ ኮቱ፣ ኑ ወዲህ!" መንገድ ላይ አግኝተው "ናጋ?" ካሉ ደግሞ "ደህና ነኝ" ብሎ ማለፍ አይቻልም። ቆመው መልሱን ይጠብቃሉ።

"እናትሽስ? ጉልበቷ ተሻላት? ከብቶቹስ?"

"ጋሼ፣ እኛ እኮ ከብት የለንም።"

"እሺ፣ ዶሮዎቹስ?"

ከሁሉ በላይ ግን ስጋታም ነበሩ። እኔ የሴቶቹ መረብ ኳስ ቡድን ውስጥ ነበርኩና አንድ ጊዜ ለጨዋታ ሞያሌ ይዘውን ሄዱ። ጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን በየኬላው ስንቆም እየወረዱ ይቆጥሩናል። ሾፌሩ ሰለቸውና "መምህር፣ ልጆቹ ከተጫኑ ወዲህ አልወለዱም፤ ቁጥራቸው ያው ነው" አላቸው።

"መጨመሩ አይደለም የሚያስፈራኝ" አሉት ጣታቸውን ከእኛ ላይ ሳያነሱ፤ "መጉደሉ ነው።"

ሌላ ጊዜ ደግሞ የነጋዴዎችና የመምህራን ቡድን ለዋንጫ ሊጋጠሙ ሰው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከዳዋ ወንዝ በኩል ጥቁር ደመና አይተው "መብረቅ ይመጣል" ብለው ጨዋታውን ሰረዙት። ደመናው እንደመጣ ሄደ። ጠብታ እንኳ አልወረደም። ሰው ዝናብ ለምኖ በማያገኝበት አገር ዝናብ የሚፈራ ብቸኛው ሰው ጃርሶ ነው እየተባለ ዓመቱን ሙሉ ተሳቀባቸው። እሳቸውም አብረው ሳቁ። በሚቀጥለው ጊዜ ደመና ሲያዩ ግን ያንኑ አደረጉ።

አንድ ሕልም ነበራቸው። የምንጫወተው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ባሻገር ባለ ገላጣ ሜዳ ላይ ነው። ቀዩ አቧራ ከነፋሱ ጋር ዓይን ያጠፋል። ኳሱ እሾህ ላይ አርፎ ይተነፍሳል። ለእኛ ለሴቶቹ ደግሞ የባሰ ነው። ከሥራና ከትምህርት ወጥተን እዚያ እስክንደርስ ፀሐይዋ ታዘቀዝቃለች። ሳይመሽ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳንጫወት እንበተናለን። ተመልካቾቻችን ፍየሎች ናቸው። እናቶቻችን መንገዱን ስለሚፈሩ ከቡድኑ በየወሩ አንዷ ትቀራለች።

ጋሽ ጃርሶ ታዲያ አንድ ያረጀ የዓለም ካርታ ጀርባ ላይ ስታዲየም ስለው በትምህርት ቤቱ ስፖርት መጋዘን ውስጥ ሰቅለውት ነበር። መሃል ከተማ፣ ከገበያው ጎን። በመሃሉ የእግር ኳስ ሜዳ፣ በዙሪያው መሮጫ፣ በአንዱ ጎን በሲሚንቶ የተሠራ የመረብና የቅርጫት ኳስ ሜዳ፣ የድንጋይ መቀመጫ፣ በአራቱም አቅጣጫ አራት በር። "ቡድን የሚያድገው ሰው ሲያየው ነው" ይሉ ነበር። "ባለሱቁ ከሱቁ ወጣ ብሎ፣ ገበያተኛው አህያውን ይዞ፣ እናት ልጇን አዝላ ሲያዩት። ከከተማ ውጭ ያለ ቡድን የማንም ቡድን አይደለም።" ማመልከቻ ያላስገቡበት ቢሮ አልነበረም። ይህ ዓመታት ፈጀ።

እኔ ትምህርት ጨርሼ በአስተዳደር ቢሮ ታይፒስት ሆኜ በተቀጠርኩበት ዓመት ነገሩ ተሳካ። የስታዲየም ግንባታ ኮሚቴ ተቋቋመ። ከአባላቱ መካከል ከከተማው ነጋዴዎች አቶ ሽኩር ነበሩ። ከጉራጌ አገር በወጣትነታቸው መጥተው ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የከፈቱ፣ ኳስ የሚወዱ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሰው ናቸው። ልጃቸው ነስሩ የነጋዴዎች ቡድን አጥቂ ነው። እግሩ ፈጣን፣ ሳቁም እንደ አባቱ። በየእሑዱ ከተማው በዘመቻ እየወጣ ድንጋይ ሲያጓጉዝ ጋሽ ጃርሶና አቶ ሽኩር አንዱን ቃሬዛ ከፊትና ከኋላ ይዘው እየተሟገቱ ይሄዱ ነበር። ግቡ በየት በኩል ይሁን በሚለው ብቻ አንድ ወር ሙሉ ተከራክረዋል።

ግድግዳው ከሰው ቁመት በላይ እየሆነ ሲመጣ ነው ጋሽ ጃርሶ ዝም ማለት የጀመሩት።

በዚያው ሰሞን አንድ የገበያ ቀን አፈሳ ተደረገ። ወጣት ለጦር ሜዳ ይፈለግ ነበር። ዕጣ የወጣበት ሲጠፋ የተገኘውን መያዝ ተጀመረ። መናኸሪያው አካባቢ መኪና ሲጠብቁ ከነበሩት ጎረምሶች ብዙዎቹ ተጫኑ። እግሩ ያወጣው በከብቶቹ መሃል ሾልኮ አመለጠ። ገበያው ክፍት ስለነበረ ነው ያመለጠው። ከተማው ውስጥ ማንም ስለዚህ ጮክ ብሎ አያወራም። እናቶች ልጆቻቸውን ዘመድ ጋ ወደ ገጠር መላክ ጀመሩ። እኛም ቢሮ ውስጥ ስንተያይ ዓይናችንን እንሰብር ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ጋሽ ጃርሶን አዲሱ ስታዲየም ውስጥ ብቻቸውን አየኋቸው። መሃል ሜዳው ላይ ቆመው ግድግዳውን ዙሪያውን ያያሉ። ግንበኞቹ ከአራቱ በር ሦስቱን ትተውታል። ለትኬት ቁጥጥር እንዲመች ተብሎ የቀረው አንድ ብቻ ነው። እሱም ሰፊ፣ ባለ ብረት መዝጊያ።

"ጋሼ፣ አማረ አይደል?" አልኳቸው።

"አማረ" አሉ። ፊታቸው ግን የታመመ ሰው ፊት ነበር።

ግንባታው ሊያልቅ ሲቃረብ ስብሰባ ተጠራ። ጉዳዩ፣ ቡድኖቹ በሙሉ ከድሮው ሜዳ ወደ አዲሱ ስታዲየም ይዛወሩ ወይ የሚል ነው። መልሱ የታወቀ ስለነበረ ለደንቡ ያህል ነው የተጠራው። እኔ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ሰብሳቢው "የቡድኖቹ ኃላፊ ሐሳባቸውን ይስጡ" ሲሉ ጋሽ ጃርሶ ተነሡ።

"እኔ... የድሮው ይሻላል እላለሁ።"

ሰብሳቢው ያልሰሙ መስለው "እንዴት?" አሉ።

"ፀሐይዋ ከሰዓት በረኛው ዓይን ውስጥ ትገባለች። ግድግዳው ነፋስ ይከለክላል፤ ልጆቹ በሙቀት ይወድቃሉ። ከገጠር ለከብት ገበያ የሚመጡት ልጆችም የድሮው ሜዳ ላይ እንደልባቸው ገብተው ነው የሚጫወቱት፤ እዚህ ትኬት አይኖራቸውም።" ላባቸውን ጠረጉ። "ግዴታ ከሆነ ደግሞ ማሎ፣ እባካችሁ፣ በሩ እንደ ፕላኑ አራት ይሁን።"

"አራት በር ለምን ያስፈልጋል?"

ጋሽ ጃርሶ "ለ... ለአየር" አሉ።

ሰው በሙሉ ሳቀ። አቶ ሽኩር ብድግ አሉ። "ጃርሶ፣ ስታዲየም ስታዲየም እያልክ ጆሮአችንን ያደነቆርከው አንተ አይደለህም እንዴ? ልጄ እሾህ ላይ ነው እየሮጠ ያደገው። ሴቶቹ ልጆቻችን አቧራ ውስጥ ይወድቃሉ። የሻኪሶና የሞያሌ ቡድን መጥቶ እንግዳ የምንቀበልበት ወግ ያለው ቦታ አገኘን። ዛሬ ደርሶ ፀሐይ ትለኛለህ? ፀሐይ እዚያ ማዶ የለችም?" ሳቁ ባሰ። እጅ ሲወጣ ሁሉም ለስታዲየሙ ሆነ። እኔም ብዕሬን አስቀምጬ እጄን አወጣሁ።

ተናድጄባቸው ነበር። ስንወጣ ተከትዬ ደረስኩባቸው። "ጋሼ፣ እኛን ረሱን ማለት ነው? ለእኛ እዚህ መሆኑ ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል።"

"አልረሳኋችሁም አስቱ። ለእናንተ ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው።"

"ታዲያ?"

ወደ ኋላቸው አዩ። ወደ ፊታቸው አዩ። "ፀሐይዋ ናት" ብለውኝ ሄዱ። ያን ጊዜ አረጁ፣ ወይም ፕላናቸው ስለተለወጠ አኮረፉ ብዬ ነው የደመደምኩት።

የምረቃው ቀን ሲቃረብ አንድ ደብዳቤ እንድመታ ተሰጠኝ። ለአራቱ የወንዶች ቡድኖች የተጻፈ ነው። ተጫዋቾችና ተጠባባቂዎች በሙሉ በምረቃው ዕለት እንዲገኙ፣ የእያንዳንዳቸው ስም፣ ዕድሜና የሚኖሩበት ቀበሌ ተሟልቶ አስቀድሞ እንዲላክ ይላል። መታሁት። በማግስቱ ጋሽ ጃርሶ የቡድኖቹን ደብዳቤ ሊወስዱ መጡ። ቆመው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብለው፣ የዶሮዎቹን ጤና በሚጠይቁበት ድምፅ፣ "አስቱ፣ ይህን ስንት ኮፒ መታሽው?" አሉኝ።

"ስድስት።"

"አራቱ የቡድኖቹ ናቸው። አንዱ የኮሚቴው ነው። ስድስተኛው?"

ግልባጭ በሚለው ሥር ከኮሚቴው ሌላ የተጻፈ አልነበረም። በስተጀርባዬ ሌላ ሠራተኛ ተቀምጧል። "ለማን እንደሆነ አልተነገረኝም ጋሼ" አልኩ በለሆሳስ፤ "አንድ የማላውቀው ሰው መጥቶ ወሰደው። ጫማው የወታደር ነው።"

"ቶሌ፣ መልካም" አሉ ጮክ ብለው፤ "አመሰግናለሁ።" ደብዳቤዎቹን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

በሁለተኛው ቀን የምሳ ሰዓት ላይ፣ ቢሮው ባዶ ሲሆን ተመልሰው መጡ። የትምህርት ቤቱ የጽሕፈት መኪና ተበላሽቷል አሉኝ። የትምህርት ቤቱ ማኅተም ያለበት ባዶ ወረቀት ይዘዋል። የወንዶቹ ቡድኖች ተጫዋቾች ለወዳጅነት ጨዋታ ወደ ቦሬ ስለሚጓዙ በየኬላው ትብብር እንዲደረግላቸው የሚል ደብዳቤ እንድመታላቸው ፈለጉ። የጉዞው ቀን ከምረቃው በፊት ያለው ቀን ነበር። ምንም አልጠየቅኋቸውም። ሁለት ቦታ ተሳሳትኩ። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው መንገዱን ያያሉ። ስጨርስ ወረቀቱን ተቀብለው "ይህን መምታትሽን እርሺው" አሉኝ። "እኔም እረሳዋለሁ።"

ልጆቹን ለማሳመን ምክንያቱን መናገር አይችሉም ነበር። አንዱ ለጓደኛው ቢያወራ ሁሉም አለቀ ማለት ነው። ቀን ተምታቶብኛል፣ የቦሬ ሰዎች ተዘጋጅተው እየጠበቁን ነው፣ ካልሄድን ነውር ነው እያሉ በየቤቱ ዞሩ። ልጆቹ አጉረመረሙ። አዲስ ስታዲየም በሚመረቅበት ቀን ቦሬ ብርድ ውስጥ መጫወት ማን ይፈልጋል? ግን ይወዷቸው ስለነበር ተሳፈሩ። ነስሩ ብቻ እምቢ አለ።

ቤቱ ሁለት ጊዜ እንደሄዱ በኋላ ሰምቻለሁ። ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አባቱም ነበሩ።

"ማሎ ልጄ" አሉት ጋሽ ጃርሶ፤ "ለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ታዘዘኝ።"

"ጋሼ፣ ከተማው ሁሉ በተሰበሰበበት አባቴ በሠራው ሜዳ ላይ ሳልታይ? አይሆንም።"

አቶ ሽኩር ሳቁ። "ተወው እንጂ ጃርሶ። ደመና አየህ እንዴ ደግሞ?"

ጋሽ ጃርሶ የአቶ ሽኩርን ፊት አይተው፣ የሆነ ነገር ሊሉ ከንፈራቸውን አንቀሳቅሰው፣ ሳይሉት ወጡ።

የምረቃው ቀን ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሞላ። ባንዲራ፣ ሙዚቃ፣ የክብር እንግዶች በዳሱ ሥር። ሰብሳቢው ባዶውን የወንዶች አግዳሚ ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። "ወንዶቹ የታሉ?" ሲሉ ጋሽ ጃርሶ እጃቸውን አጣምረው "ቦሬ ናቸው ጓድ፤ ቀን ተምታቶብኝ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሴቶቹ ይጀምሩ፤ ከዚያ የቀድሞ ተጫዋቾች ይገጥማሉ" አሉ። ስለዚህ በአዲሱ ስታዲየም ላይ የመጀመሪያዋን ኳስ የመታሁት እኔ ነኝ። ሲሚንቶው ላይ የኳሷ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። እናቴ ከሰዎቹ መሃል ስታጨበጭብ አየኋት። በዕድሜዬ እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ያን ደስታዬን እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

ሁለተኛው ዙር ላይ የመኪኖች ድምፅ ተሰማ። ከዚያ የብረቱ መዝጊያ ተዘጋ።

"ማንም ከቦታው እንዳይነሳ!"

ታጣቂዎቹ በመቀመጫዎቹ መካከል እያለፉ ወጣት ያሉትን እየጠቆሙ ያስነሡ ጀመር። ልጅ የያዘ አባት፣ ትኬት ቆራጭ፣ ከገጠር ከብት ይዞ መጥቶ ጉድ ሊያይ የገባ ጎረምሳ። አንድ ሁለቱ ግድግዳውን ሊዘሉ ሞክረው ተይዘው ወረዱ። እኛ መረቡ ሥር ተጠጋግተን ቆመናል። ኳሱን ይዤ ነበር። የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ። ነስሩ በዳሱ ሥር ከአባቱ ጎን ተቀምጧል፤ ከቡድኑ ብቻውን ቢቀርም አዲሱን ማሊያ ለብሷል። ታጣቂው ፊቱ ቆመና "ተነሥ" አለው።

አቶ ሽኩር ብድግ አሉ። "እኔ እኮ የኮሚቴው አባል ነኝ!"

"እናውቃለን አባት። ይቀመጡ።"

ነስሩ ሲያልፍ ወደ ጋሽ ጃርሶ ዞሮ አያቸው። እሳቸው ሜዳው ጠርዝ ላይ ቆመው በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። የሚወጡትን፣ አንድ በአንድ።

በማግስቱ ጠዋት ማሊያ ልመልስ ስፖርት መጋዘኑ ጋ ሄድኩ። ጋሽ ጃርሶ መሬት ላይ ተቀምጠው መረብ ያጥፋሉ። ማሊያውን አጣጥፌ ሳስቀምጥ አቶ ሽኩር ገቡ። ያ ከሩቅ የሚሰማው ድምፅ አልነበረም።

"ታውቅ ነበር።"

ጋሽ ጃርሶ ተነሡ።

"ቤቴ ሁለት ጊዜ መጣህ። ዳቦዬን በላህ። አንዲት ቃል ብትነግረኝ እኔው ራሴ አስሬ እጭነው አልነበረም? ለምን አልነገርከኝም ጃርሶ?"

ሰበብ መፍጠር ይችሉ ነበር። እርግጠኛ አልነበርኩም ቢሉም እውነት ነው። ግን የአቶ ሽኩርን ዓይን እያዩ "ፈራሁህ" አሉ።

"እኔን?"

"ኮሚቴ ውስጥ ነህ። ለማን እንደምትነግር አላውቅም። ፈራሁህ ሽኩር።"

አቶ ሽኩር በጥፊ የተመታ ሰው መሰሉ። ድንጋይ በአንድ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ናቸው። የበሩን ጉበን ተደግፈው ወጡ። ጋሽ ጃርሶ ወደ መረቡ ተመለሱ፤ ግን መረቡ እየተበተነ ያስቸግራቸው ነበር። ወስጄ አጠፍኩላቸው።

በሳምንቱ ያዟቸው። ልጆቹ ከቦሬ በየዘመዱ ተበታትነው ስላልተመለሱ ነገሩ ታውቋል። ጥያቄው አንድ ነው፦ ማን ነገረህ? እኔ በነዚያ ቀናት ምግብ አይወርድልኝም ነበር። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ጽሕፈቴን አቆማለሁ። ደብዳቤውን የመታሁበት የቢሮው መኪና "መ" ፊደሏ ትንሽ ትሰበራለች። ያን አስተያይቶ የሚያውቅ ሰው ቢኖር አለቀልኝ። እናቴ ምን ሆነሽ ነው ትለኛለች፤ እኔ ወባ ነው እላለሁ።

ጋሽ ጃርሶ ለጠየቋቸው ሁሉ የሰጡት መልስ ኋላ ከተማው ውስጥ ተወራ። "ማንም አልነገረኝም። ስጋታም ሰው ነኝ። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል።" አላመኗቸውም። ምስክር ተጠራ። የተጠሩት ደግሞ አቶ ሽኩር ናቸው። ልጃቸው በእኚህ ሰው ዝምታ የሄደባቸው፣ አንዲት ቃል ቢናገሩ ጋሽ ጃርሶን ሊያጠፏቸው የሚችሉት አቶ ሽኩር።

አቶ ሽኩር ገብተው እንዲህ አሉ፦ "ይህ ሰው ደመና ባየ ቁጥር ጨዋታ የሚሰርዝ ነው። የተሰበሰበ ሰው ሁሉ እያየው ሰርዟል። ቀን ተምታታብኝ ካለም ይምታታበታል፤ ድንጋጤ ያለበት ሰው ነው። ልጄን ቦሬ ልውሰድ ሲለኝም ስቄበታለሁ።" ሌሎችም እየተጠሩ ያንኑ አሉ። ሲስቁባቸው የኖሩት ሰዎች በሙሉ በሳቃቸው መሰከሩላቸው። በመጨረሻ ለቀቋቸውና ወደ ዶሎ ኦዶ አዛወሯቸው፤ እስከ ድንበሩ ጫፍ ድረስ።

ከመሄዳቸው በፊት ልሰናበታቸው ፈለግሁ። ሰው ግን እንዳያየን ፈርቼ አልሄድኩም። መኪናቸው ቢሮአችን ፊት ለፊት ሲያልፍ በመስኮት አየኋቸው። አንገታቸውን ቀልሰው ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠዋል። ወደ መስኮቴ አልዞሩም። ሆን ብለው እንዳልዞሩ አውቃለሁ።

ስታዲየሙ ለቡድኖቹ ጠቀመ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር የምመልሰው ይህን ነው። ለዓመታት አንድም ወንድ ልጅ እዚያ አልገባም። የወንዶቹ ቡድኖች ጠፉ፤ ከቦሬ ወገን የተመለሱት ጥቂቶቹ ከአውሮፕላን ማረፊያው ማዶ እሾህ ላይ፣ ለመሮጥ አራቱም አቅጣጫ ክፍት በሆነበት ቦታ ይጫወቱ ነበር። እኛ ሴቶቹ ሲሚንቶው ላይ ቀጠልን። ሜዳው ጥሩ ነበር። ቅርብ ነበር። እንደተመኘነው ሁሉ ነበር። ግን ተመልካች ወንድ ስለሌለ እናቶቻችን ብቻ ያዩን ነበር፤ እነሱም ከሜዳው ይልቅ ዓይናቸው በሩ ላይ ነው።

ጋሽ ጃርሶና አቶ ሽኩር በነዚያ ዓመታት አንድ ጊዜም አልተገናኙም። ከዶሎ ጭነት ይዘው የሚመጡ ሾፌሮች ግን ሁልጊዜ ሱቁ ጋ ይቆማሉ። "መምህር ጃርሶ፣ የነስሩ ወሬ አለ ወይ ብለዋል" ይላሉ። አቶ ሽኩር ጨርቅ እየለኩ፣ ራሳቸውን ቀና ሳያደርጉ፣ "የለም በለው" ይላሉ። በሚቀጥለው ጊዜም ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ። አንድ ሾፌር መሰልቸቱን ሲያሳይ አቶ ሽኩር ተቆጥተው "ይጠይቅ! መጠየቁን እንዳያቆም ንገረው" እንዳሉት ሰምቻለሁ።

መንግሥት ሲለወጥ የተበተነው ሠራዊት በእግሩም በመኪናም ወደየአገሩ ተመመ። ነገሌ መናኸሪያ በየቀኑ በእናቶች ይሞላ ነበር። ነስሩ ከብዙ ሳምንት በኋላ መጣ። ከስቷል፣ የቀኝ ጆሮው አይሰማም፣ ግን በሁለት እግሩ ቆሟል። አቶ ሽኩር ልጃቸውን አቅፈው ምን ያህል እንዳለቀሱ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አይቷል። ሦስት ቀን ቤቱ በእንግዳ ተሞላ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ወደ ዶሎ የሚሄድ መኪና ፈልገው ነስሩን ራሳቸው አሳፈሩት።

ነስሩ ይህን ራሱ ነው የነገረኝ። "ገና እንኳ አልጠገበኝም ነበር" አለኝ። "አባዬ፣ በሾፌር እንላክላቸው ስለው፣ 'አይሆንም፤ በዓይኑ ይይህ' አለኝ።"

ዶሎ የደረሰው በማግስቱ ቀን በጠራራ ፀሐይ ነው። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ጋሽ ጃርሶ ተማሪዎች ሰልፍ አስይዘው ቆመዋል። ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ነስሩ ከበሩ ጀምሮ ወደ እሳቸው ሄደ። መጀመሪያ አላወቁትም። ከዚያ አወቁት። ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ትከሻውን ነኩት፤ ፊቱን ነኩት፤ መልሰው ትከሻውን ያዙት።

"አለሁ ጋሼ" አላቸው።

ጋሽ ጃርሶ በቆሙበት አሸዋው ላይ ቁጭ አሉ። ተማሪዎቹ ደነገጡ። ነስሩ ሊያነሣቸው ጎንበስ ብሎ እጁን ሲዘረጋ፣ እጁን ይዘው ወደ ጎናቸው ሳቡት።

"ቆይ" አሉት፤ "ትንሽ ልቀመጥ።"